አባ ገመዳ በያቸው ያሉኝ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.፣ አሰላ

ለራሴ መጻፉም ያሳፍረኛል፤ ዛሬ ሐኪም ቤት ዋሸሁ። መርፌ የምቀቅልላቸው፣ በሽተኛ የሚወጉት ድሬሰር ኦሮምኛ አይሰሙም፤ የማስተረጉምላቸው እኔ ነኝ። በጠና የታመሙት አባ ገመዳ ክንዳቸውን ሰብስበው፣ «ልጄ፣ መርፌው ይብቃኝ፤ በሰላም ልሂድ በያቸው» አሉኝ። ሞትን የሚጠራ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ፣ «አመመኝ ነው የሚሉት» አልኩ።

«እንግዲያው ክንዳቸውን ያዢልኝ» አሉኝ ድሬሰሩ።

«ጋሼ፣ እኔ አልችልም» አልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይቆጡኛል ስል፣ «ልብሽ እምቢ ካለ አላስገድድሽም፤ ዘበኛው ይይዛቸዋል። ግን ጥለሻቸው እንዳትወጪ» አሉኝ።

አልወጣሁም። መርፌው ሲገባ አባ ገመዳ በሌላ እጃቸው እጄን ፈልገው ያዙ። አልተቀየሙኝም። የነገርኩላቸው መስሏቸዋል።

ነገ መርፌውን እሳት ላይ ሳልጥድ፣ አባ ገመዳ ያሉትን እንዳሉት ለድሬሰሩ እነግራቸዋለሁ።