የአንዱዓለም መዳፍ

ይድረስ ለእታለም አሰበች። እንዴት ሰነበትሽ፣ እንዴትስ ከረምሽ? እማዬ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? ልጆቹ ክረምቱን ያለ ጉንፋን እየዘለቁት ነው? እኔ ሙቀቱና ቢምቢው ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ። አንዱዓለም ግን ክፉኛ ታሞ ነበር። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ አጠገብሽ ሆና ሰምታ ለእናቱ ለእማማ እመቤት ሮጣ እንዳትነግር ብዬ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል ሰሞኑን ቅንድብሽን ስለሚበላሽ ዓይንሽ የናፈቀውን ሊያይ ነው፣ ለእንቁጣጣሽ መምጣቴ አይቀርም አልሽኝ። አልመጣም እታለም። ቅንድብሽን የሚበላሽ የማገዶ ጭስ ነው። እኔ የት እንዳለሁ ቅንድብሽ በምን ያውቃል? አንቺን ንቄ አይደለም እንዲህ የምጽፈው፤ የናቅሁት ነገሩን ነው። ምክንያቱን ስሚኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ማሽላው ውስጥ የአረም መድኃኒት ስንረጭ የአንዱዓለም መርጫ ያፈስ ነበር። ጓንት የሚባል ነገር አልተሰጠንም። ከሥራ ስንመለስ ሁለቱንም መዳፉን ይበላው ጀመር። እኛ ሳሉጎች መሃል፣ እዚህ የቀን ሠራተኛውን እንዲያ ነው የሚሉት፣ ሰጠኝ የሚባል ጎልማሳ አለ። ገላ በበላ ቁጥር ፍቺ አያጣም። ጆሮህን ከበላህ ሰው እያማህ ነው፤ ከንፈርህን ከበላህ ሥጋ ልትበላ ነው፤ ውስጥ እግርህን ከበላህ መንገድ አለብህ፤ ቀኝ መዳፍ ገንዘብ ያስገባል፣ ግራው ያስወጣል። ሁለቱንም አንድ ላይ ሲበላስ ብለው ጠየቁት። ለአፍታ እንኳ ሳይቸገር «ገብቶ ይወጣል» አለ። የምናድርበት ዳስ ውስጥ ያለነው ሁሉ ራሳችንን ነቀነቅን። ሃያ ጺማም ሰው፣ እታለም።

አንዱዓለም ሊታጠብ ሲነሣ ሰጠኝ «ሲሳይህን በውኃ ልታስወስድ ነው?» ብሎ ከለከለው። ሳሙናውን ከእጁ የተቀበልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ያውም እየሳቅሁ። ሦስት ቀን በዚያው እጅ በላ፣ በዚያው እጅ ዓይኑን አሸ። በአራተኛው ቀን የመዳፉ ቆዳ እንደ ቅቅል ድንች ልጣጭ ተላቀቀ፣ ዓይኖቹም አብጠው ተከደኑ።

በትራክተር ተሳቢ ጭኜ ሸሕዲ ከተማ አደረስኩት። ጤና ጣቢያው እስኪከፈት ሐሚዳ የምትባል ባለሱቅ ደጅ ተቀመጥን። ሸሚዙን አሸተተችና «ይሄ የአረም መድኃኒት ነው፤ ለምን አልታጠበም?» አለችኝ። ምክንያቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም። ከመደርደሪያው አንድ ሳሙና አውርዳ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ፊቷን አዞረች። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ዓይኑ ተርፏል፤ ቀኝ እጁም አዲስ ቆዳ አውጥቷል። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ግን አይታጠፉም፤ ሐኪሙም ወደፊት ይታጠፋሉ አላለም። ሐሚዳ ጓሮ ያለችውን ክፍል ለቀቀችልን፤ እኔም ጆንያ እያወረድኩላት እዚሁ ነኝ። እስከ ትናንት ወዲያ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ።

ባለፈው እሑድ ሰጠኝ ሊጠይቀው መጣ። ይቅርታ ሊል መስሎኝ ነበር። አረፍ አለና «ያን ሰሞን ውስጥ እግርህንም በልቶህ ነበር፤ ይኸው ሸሕዲ ድረስ መንገድ ሆነልህ» አለው። እኔ ያመጣውን ሙዝ መልሼ አስታቀፍኩትና በሩን አሳየሁት። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያስተምረዋል? ጣትህ ቢቆረጥም ፍቺ ያወጣለታል።

እማማ እመቤት ዘንድ አንቺ ራስሽ ሂጂና ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው። ሳሙናውን ማን እንደተቀበለ የሚለውን አትዝለይባቸው። ከእኔ አፍ መስማት ነበረባቸው፤ አልደፈርኩም። ጥቅምት ላይ ልጃቸውን ይዤላቸው እመጣለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ለፈንቴ፣ ለውባንችና ለትንሿ እፀገነት ሰላምታዬ ይድረሳቸው። አንዱዓለምም ሁላችሁንም እንዴት ናችሁ ይላል። ስሜን ራሴ እጽፋለሁ ስላለ ከስሜ ሥር ያለው ጠማማ ጽሑፍ የእሱ ነው፤ ለእናቱ አሳዪልኝ።

ወንድምሽ ባንተአምላክ
አንዱዓለም

ሸሕዲ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2014 ዓ.ም.