ሁለት ብስክሌት ወደ ፈረንሳይ

ሚያዝያ 22፣ ጠዋት፣ መ/ቤት

ዛሬም በላብ ርሻለሁ። ከሰፈሬ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል ስወርድ ነፋስ አለ። ቀበና ድልድይ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ወበቅ ብቻ። ደመናው እንጦጦ ላይ ተኝቷል፤ አይዘንብ፣ አይሄድ። ሁለተኛው ሸሚዜ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ነው። ቧንቧው ጋ ብብቴን ታጥቤ፣ ቀይሬ፣ ወደ ጠረጴዛዬ። ፕላን ነው የምሥለው። የክንዴ ላብ ቀለሙን ያስለቅቀዋል። ወረቀቱ ላይ አንድ ግድግዳ አበላሸሁ። አሁን ክርኔ ሥር ፎጣ አንጥፌያለሁ።

አውቶቡስ አይታሰብም። ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ የሚመጣውም በሩ አይዘጋም፣ ሰው ተንጠልጥሎበት።

ሚያዝያ 26፣ ማታ

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ሳቅኩ፤ ልጻፈው። አብሮኝ የሚመላለሰው ኢዮብ ነው ያሳቀኝ። ጎረቤቴ ነው፤ የእትዬ ጫልቱ አንድ ልጅ። መ/ቤታችን ታይፒስት ነው። ላብ የጠጣ ካናቴራውን አጥቦ መስኮት ላይ ሰቀለው። የፖለቲካ ኃላፊያችን ጓድ ታዬ አየው። አብዮታዊ መ/ቤት የልብስ ማስጫ አይደለም ብሎ ጮኸ። ኢዮብ ኮስተር ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ጓድ ታዬ እንደወጣ ካናቴራውን ወደ ጓሮው መስኮት አዛወረው።

መሐረብ በውሃ አርሶ ከቆብ ሥር ማድረግን ያስተማረኝ እሱ ነው። ቀስ ብለን እንንዳ፣ ላብ ይቀንሳል ይላል። ራሱ ግን ቀስ ማለት አያውቅም። ዳገቱ ላይ ጥሎኝ ሄዶ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ይጠብቀኛል። እየሳቀ።

ግንቦት 3፣ ማታ

ወሰዱት።

ከሥራ ስንመለስ፣ ድልድዩ ጋ፣ ፍተሻ። የቀበሌ መታወቂያ። የኔን አይተው መለሱልኝ፤ ዕድሜዬ አልፏል። የኢዮብን ይዘው ዕድሜውን አነበቡ። ውረድ አሉት። የጭነት መኪናቸው ላይ ልጆች ሞልተዋል። ብሔራዊ ግዴታ ነው አለኝ አንዱ፣ ሳልጠይቀው። ኢዮብ የብስክሌቱን መሪ እጄ ላይ አደረገ። «ለእማዬ አንተ ንገራት። ከሰው እንዳትሰማ» አለኝ። ሄዱ።

ሁለቱንም ብስክሌት እየገፋሁ ዳገቱን ወጣሁ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ መጥረጊያ እጅ የለኝም። መሪዎቹ ከመዳፌ ያሟልጫሉ። ፔዳሉ ቅልጥሜን ይመታኛል። ሰው ያየኛል፤ አንድ ሰው፣ ሁለት ብስክሌት። ነገሩ ይገባዋል። አንዲት ሴት አየችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አንድ ሽማግሌ አንዱን ልግፋልህ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ ሳልቆም አለፍኩ።

እትዬ ጫልቱ በር ላይ ቆመዋል። ብስክሌቶቹን አዩ። ምንም መናገር አላስፈለገኝም። «ያ ዋቃ!» አሉ፤ በኦሮምኛ አምላካቸውን ጠሩ። አልጮኹም። በሩን ይዘው ቁጭ አሉ። ቆይተው፦

«ውሃ ጠጥቶ ነበር?»

አላስታወስኩም። ጠጥቷል አልኳቸው።

ግንቦት 7፣ ከሰዓት

ተገኘ። ከከተማው ዳር ያለ የእህል መጋዘን ነው የሰበሰቧቸው። በምሳ ሰዓት በብስክሌት ሄድኩ። ጥላ የሌለበት መንገድ። አስፋልቱ ጎማዬን ይይዛል። ደርሼ ራሴን አዞረኝ። አጥር ተደግፌ ቆምኩ።

ዘበኛው ወጣት ነው፣ የገጠር ልጅ። ለመነኝ እንጂ አልቆጣኝም፤ ወንድሜ ሂድልኝ ይላል። ለኢዮብ የያዝኩትን ውሃ ሲያይ ልመናውን ተወ። ኢዮብን ጠራልኝ።

ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮት የለም። ሌሊቱንም አይቀዘቅዝም አለ፤ የሰው ትንፋሽ ነው። ትናንት ሁለት ልጆችን ተሸክመው አወጡ። አልተመለሱም። የፊታችን ቅዳሜ፣ ከተማው ሰልፍ ሲወጣ፣ እነሱን ወደ ጦር ሜዳ ይጭኗቸዋል።

«እማዬን እንዳታመጣት። እንዲህ ሆኜ አታየኝም።»

እሺ አልኩት።

ግንቦት 9

ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቅዳሜ ለዘማቾች ሽኝት ሰልፍ። ሁሉም ሠራተኛ፣ በካኪ፣ እስከ አንገቱ ተቆልፎ። የቀረ ለራሱ ያውቃል። ዘማቾቹ ግን ሰልፉ ላይ የሉም። ማንን ነው የምንሸኘው?

ማታ እትዬ ጫልቱ ጋ ገባሁ። አልዋሸኋቸውም። አታምጣት ብሏል አልኩ።

«ወልጄ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ከኔ ምኑን ነው የሚደብቀው? አንተ ካልወሰድከኝ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ልጄ።»

በእግራቸው! በዚህ ሙቀት። ጉልበታቸው እኮ ታሟል።

ግንቦት 11፣ ማታ

ወሰድኳቸው።

ካኪው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ወጣሁ። ብስክሌት ላይ ተቀምጠው አያውቁም። የኋላ መጫኛው ላይ ትራስ አሰርኩ። ቀበቶዬን በሁለት እጃቸው ያዙ። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ጨምቄ ወረድኩ። እጄ ዛለ። ከተማው ባዶ ነው፣ ሰው ሁሉ አደባባይ። ከሩቅ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ወበቁ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። መተንፈስ አቅቶኝ ሁለቴ ቆምኩ። እትዬ ጫልቱ እርጥብ ጨርቅ አንገቴ ላይ አደረጉልኝ፤ አይዞህ እያሉ። እሳቸው እኔን!

ስንደርስ መኪናዎቹ ልጆቹን ጭነው ሞተር አስነስተዋል። ከብስክሌቱ ወርደው ሮጡ። በዚያ ጉልበት። ስሙን እየጠሩ። ኢዮብ ከሦስተኛው መኪና ላይ ተነሣ። መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ተመለሰና እጁን ዘረጋ። ይዘው የመጡትን ውሃ አቀበሉት። በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም መለሰ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። መኪናው ዞረ። አቧራ።

ስንመለስ ዳገቱን አልቀመጥም አሉ። ደክሞሃል አሉኝ። ጎን ለጎን ሄድን። ቤታቸው በር ላይ «ጠጣው እኮ» አሉኝ።

ግንቦት 13፣ ማታ

ጓድ ታዬ ጠራኝ። ሰልፉ ላይ አልነበርክም። አንድ ሰው በብስክሌት ስትሄድ አይቶሃል፣ ከኋላ ሴት ጭነህ አለኝ። ነገ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆሜ ግለሂስ አደርጋለሁ፤ ጥፋቴን በራሴ አፍ።

የክፍሌ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ያዙኝ። ደግ ሰው ናቸው። ፊቴን አላዩም፣ መስኮቱን እያዩ ነው ያወሩት። «ሙቀት መታኝ በል። ሐኪም ቤት ስሄድ ነው፣ ሴትየዋም በሽተኛ ናት በል። በዚህ ሰሞን የማይታመም የለም። ያምኑሃል።»

እውነት ነው፣ ያምኑኛል። ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ በልቤ ተለማመድኩት። ማታ ስመለስ እትዬ ጫልቱ በራቸው ላይ ነበሩ። ቁልፍ ሰጡኝ፤ የኢዮብ ብስክሌት ቁልፍ ነው። ጎማው እንዳይደርቅ ንዳበት አሉ። ስለ ነገው ምንም አልነገርኳቸውም። ነገ ሳልመለስ ከቀረሁ ማን ይነግራቸዋል?

ቢሆንም ወስኛለሁ። ሙቀት ነው አልልም። እናት ልጇን እንድታይ ወሰድኩ እላለሁ። ካኪውን አልለብስም፣ በሸሚዝ ነው የምቆመው። ከዚያ የሚሉትን ይበሉ።