ጡት የሚያነሳው መርፌ

ሰኞ

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ደረቴ ላይ እንደያዘች «እስኪ ጡትሽን በእጅሽ ከፍ አድርገሽ ያዢልኝ» አለችኝ። ሱቁ ውስጥ አራት ሴቶች ነበሩ። ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ምን ላድርግ? የባለቤቴ የገመቹ እህት አርጆ ከተማ ልትዳር ነው፣ ቀሚሱ መሰፋት አለበት። ልታጅበኝ የመጣችው ጫልቱ ሳቋን አፍና በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ጫልቱ ከኔ ክፍል ቀጥሎ ታስተምራለች። ነቀምቴ ስመደብ መጀመሪያ ቀርባ ያናገረችኝ እሷ ናት።

ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ መስታወት ፊት ቆምኩ። መንታ ልጆቼን ሁለት ዓመት አጥብቻለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆና ብትሰማ «ሥራውን ሠርቷል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ገመቹ ፊት ልብስ መቀየር ከተውኩ ዓመት አለፈኝ። እሱ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣውም። ዝምታውን ግን እኔው ራሴ እተረጉመዋለሁ።

ማክሰኞ

በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ጥግ ይዘን የጫልቱን ስልክ ስናይ ቆየን። ለካ የሷም ችግር ያው ነው። የመጨረሻ ልጇን ጡት ካስጣለች ወዲህ ሁለት ጡት መያዣ ደርባ ነው የምትለብሰው። ሰባት ዓመት አብረን ሠርተን ዛሬ ገና ነገረችኝ።

ያየነው ይህን ነው፦

ቅባት። አንዱን አምና ሞክሬዋለሁ። ቆዳዬ ለሰለሰ፣ ሌላ ምንም።

ፑሽ አፕ። ጫልቱ ሦስት ሠርታ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ሰው ቢገባ ምን ልንል ነበር!

ቀዶ ጥገና። አዲስ አበባ ነው። ሰመመን፣ ስፌት፣ ጠባሳ። ለገመቹ ምን ብዬ እሄዳለሁ?

መርፌ። እዚሁ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለ የውበት ቤት። «ያለ ቢላ፣ በአንድ ቀን» ይላል።

መርፌውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የደወልኩትም እኔ። ሁለታችንም ለነገ ተቀጠርን።

ረቡዕ

ይህን ለማንም አልናገርም።

ቤቱ ተራ ፀጉር ቤት ነው። ከመጋረጃ ጀርባ አልጋ አለ። ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ቀድሜ እንድገባ ነገረችኝ። ከትንሽ ጠርሙስ በመርፌ ስትቀዳ አየሁ። ጠርሙሱ ላይ አንድም ጽሑፍ የለም። «ምንድነው?» አልኳት። «ቫይታሚን ነው፣ ከውጭ የሚመጣ» አለች ቀና ሳትል።

ስልኬን አወጣሁና «ውይ፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ነው፣ አንደኛዋ ታማለች» አልኩ። ማንም አልደወለም።

ጫልቱ ከውጭ ወንበር ላይ ነበረች። «በይ ሩጪ ሰናይት፣ በአንቺ ተራ እኔ እገባለሁ» አለችኝ። ስለ ጠርሙሱ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጎትቼ ያመጣኋት እኔ፣ ፈርቼ የምሸሸውም እኔ። አፈርኩ። አፌን ዘግቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

ሐሙስ

ደህና ናት! ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ወስዳ አሳየችኝ። እውነትም ሞላ ብሏል። «ትንሽ ያቃጥላል፣ ግን እይው እንጂ» አለች። ስለ ልጄም ጠየቀችኝ። «ተሽሏታል» አልኩ።

ቀናሁባት። እንደገና ቀጠሮ ልይዝ ስልኩን አንስቼ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ

አልመጣችም። ስደውልላት «ጉንፋን ነው» አለች። ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ በስልክ ይሰማል።

ቅዳሜ

ጠዋት በሚኒባስ ጉቴ ከተማ፣ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ ቶለራ በር ላይ ተቀበለኝ። «ወባ ሳይሆን አይቀርም፣ ኪኒን ገዝቼላታለሁ» አለኝ። ጫልቱ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። እሱ ወጣ ሲል ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ግራው ቀልቷል፣ አብጧል፣ እንደ እሳት ይፋጃል።

«ኢቲ ሂን ሂሚን» አለች። እንዳትነግሪው ማለቷ ነው። በአማርኛ ደግማ ለመነችኝ።

ነገርኩት። ሁሉንም አይደለም፣ መርፌ መወጋቷን ብቻ። አልተቆጣም። የጫማውን ክር ሳያስር መኪና ፍለጋ ሮጠ።

ነቀምቴ ሆስፒታል ያየቻት ሐኪም ወጣት ናት። «የተወጋሽው ምንድነው?» አለቻት። ጫልቱ «ቫይታሚን» አለች። እኔ ከጎን «ጠርሙሱ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር» አልኩ። ለሕክምናው ይጠቅማል ብዬ ነው።

ጫልቱ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች። «አይተሽው ነበር?»

አንሶላዋን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ልጅሽስ? ታማ አልነበረም?»

ከአንሶላው ቀና አላልኩም። ገባት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሑድ

መግል ቋጥሯል ተብሎ በቀዶ ጥገና ተከፈተ። «ያለ ቢላ» የሚለውን አምነን ነበር የሄድነው።

ለገመቹ ሁሉንም ነገርኩት፣ ውሸቴንም፣ መስታወቱንም። «እኔ እኮ የምትሸሺኝ ስለሰለቸሁሽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያስብ ኖሯል። ሁለታችንም አለቀስን።

ሰኞ

ትኩሳቱ አልወረደም። ጫልቱ አታናግረኝም። ያመጣሁትን አጥሚት ከቶለራ እጅ ትቀበላለች። ቶለራ ወደ ውበት ቤቱ ሄዶ ነበር፣ ተዘግቷል። ስልኩም አይነሳም።

ሐኪሟን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና እውነት ጡት የሚያነሳ ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም። «ቅባት አያነሳም። ስፖርት ከሥር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የላላ ቆዳ አይሰበስብም። ጥሩ ጡት መያዣ በልብስ ያምራል፣ ስታወልቂው ያው ነው። የሚያነሳው ቀዶ ጥገና ነው። እሱም ጠባሳ አለው፣ የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፣ ገና የምትወልጂ ከሆነ ማጥባትም ሊያስቸግርሽ ይችላል። ከፈለግሽው ልጅ ጨርሰሽ፣ አስበሽበት፣ ሙያው ያለው ሐኪም ጋር ሂጂ። ባታደርጊውም በሽታ አይደለም።»

«ለራስሽ ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አሁንም አላውቅም።

ማክሰኞ

ትኩሳቱ ወረደ! ስገባ ቁጭ ብላ ሙዝ ትበላ ነበር።

ነርሷ ቁስሉን ልታጥብ መጥታ አስታማሚ ይውጣ አለች። ተነሳሁ። ጫልቱ «እሷ ትቆይ» አለች፣ ሳታየኝ። ፋሻው ሲላቀቅ እጄን ይዛ ጨመቀችው፣ እስኪያመኝ። ቁስሉን አየሁት። ጥልቅ ነው።

ነርሷ ስትወጣ እጄን ለቀቀችው።

«ፈራሁ ብትይኝ አብረን እንወጣ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ይሄን አልረሳልሽም።»

«አዎ» አልኩ።

ቦርሳዬን ይዤ በሩ ጋ ስደርስ «ነገም የሚታጠበው በዚሁ ሰዓት ነው» አለችኝ።

ነይ ማለቷ ይሁን አይሁን አልገባኝም። እሄዳለሁ።