ኤርባጉን አፍኖ ስለተሰፋው የወንበር ልብስ

ቀን፦ ግንቦት 14

ለሸማቾች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ፣ የመኪናዋ ባለቤት አባትና ወኪል (ሙሉ ስሜ፣ አድራሻዬና የውክልናው ወረቀት በአባሪነት ተያይዟል)

ተጠሪ፦ መኪናዋን የሸጠልን ድርጅት

ጉዳዩ፦ ተጠሪ ድርጅት ልጄ ሳታዝዝ በአዲስ መኪናዋ ላይ ገጥሞ ያስከፈላትን የማስዋቢያ ዋጋ እንዲመልስ፣ ከዚያም በላይ ኤርባግ አፍኖ የያዘውን የወንበር ልብስ ከሸጣቸው መኪኖች ሁሉ በአስቸኳይ እንዲያነሳ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የእርስዎ ጊዜ ውድ ነው፤ የኔም ርካሽ አይደለምና ሳላንዛዛ ወደ ነገሬ እገባለሁ።

1. ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት። ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ጤና ጣቢያ በመዛወሯ፣ የጭነት መኪና በሚግተለተልበት መንገድ በየቀኑ አርባ ኪሎ ሜትር መንዳት አለባት። መኪናዋን የገዛችው ስድስት ዓመት ባጠራቀመችውና ከመሥሪያ ቤቷ የብድር ማኅበር በወሰደችው ገንዘብ ነው። እኔ ደህና አሮጌ ልፈልግልሽና ግዢ ብያት ነበር። «አባዬ፣ ይኼኛው እኮ በግራም በቀኝም ኤርባግ አለው፤ ያንን መንገድ አታውቀውም» ብላ አፌን አዘጋችኝ። እንግዲህ የገዛችው ለጌጥ አይደለም።

2. አርብ ዕለት መኪናዋን ልንረከብ ሄድን። በውሉ የተጻፈውን ከፍለን ቁልፉን ስንጠብቅ፣ የሽያጭ ሠራተኛዋ ሁለተኛ ወረቀት ይዛ መጣች። «የማስዋቢያ ጥቅል» ይላል። ዘጠኝ ነገር ተዘርዝሮበታል፤ ዘጠኙም አስቀድሞ ተገጥሟል። ማን አዘዘ ብንል «መኪኖቻችን ሁሉ እንዲህ ሆነው ነው የሚወጡት» አለችን። እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ፣ ወንበር ሊያሰፋ የመጣን ሰው ጣሪያህንም ሰፍቼልሃለሁና ክፈል ብዬ አላውቅም። ለካ ሞኝ ሆኜ ኖሬአለሁ!

3. ዘጠኙን ሁሉ እዚህ ብዘረዝር ወረቀት ማባከን ይሆናል፤ ጥቂቱን ልጥቀስ። የእግር ምንጣፍ አለ፤ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትመጣ የራሷ ምንጣፍ ነበራት፣ እሱ የት እንደገባ ግን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። የታርጋ ማቀፊያው የድርጅቱን ስም በትልቁ ተሸክሟል፤ ማስታወቂያቸውን ይዘን ስንዞር ሊከፍሉን ሲገባ እኛን አስከፈሉን። አላርሙ ገና በመጀመሪያው ቀን ዝናብ ሲያካፋ መጮህ ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ አላቆመም፤ ጎረቤት ሰላምታ ነስቶናል። ሽቶም አለ። አዎ፣ ሽቶ! ከመስታወት ላይ የምትንጠለጠል የካርቶን ቅጠል ናት፤ የመግጠሚያ የእጅ ዋጋ ለብቻው ተይዞባታል። ያቺን ክር ለማንጠልጠል ስንት ባለሙያ እንደተሰለፈ ቢገለጽልኝ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም ውዱ ግን የወንበር ልብሱ ነው፤ የልጄን የሁለት ወር ደሞዝ ዋጠ።

አንፈልግም አልን። «ያልተዋበ ከፈለጋችሁ የሚቀጥለው ጭነት ከስምንት ወር በኋላ ነው» ተባልን። ልጄ ሰኞ አዲሱ ምድቧ ላይ መገኘት ነበረባት። ፈረመች። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሏል ይሄ ነው።

4. እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ በሩን ከፍቼ ወንበሩን ዳሰስኩ። ሌላ ሰው አዲስ መኪና ውስጥ ሲገባ ያሸታል፣ እኔ እዳስሳለሁ። ለሙያው እንግዳ ለሆነ ሰው ላስረዳ፦ በእንደነዚህ ያሉ መኪኖች የጎን ኤርባጉ የተቀበረው ወንበሩ ውስጥ፣ በበሩ በኩል ነው። ግጭት ሲመጣ ከዚያ ፈንድቶ ወጥቶ የሰውን ጎን ይቀበላል። ስለዚህ ለወንበሩ ልብስ የሚሰፋ ሰው ያንን ጎን ክፍት ይተወዋል፤ አለዚያም ቶሎ በሚበጠስ ቀጭን ክር ብቻ ያያይዘዋል። በልጄ መኪና ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ተዘግቷል፤ ያውም በሦስት ድርብ ናይለን ክር። በሬ ቢጎትተው አይበጠስም። ልጄ ኤርባግ ብላ መኪና ገዛች፤ እነዚህ ደግሞ ኤርባጉን አፍነው ማፈኛውን ሸጡላት።

5. ይህን ተራ ቁጥር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ልብሱን ገልብጬ የስፌቱን መጨረሻ አየሁ። ክሩ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ጫፉ በክብሪት ተለብልቧል። ስፌት እንዲህ አድርጎ የሚጨርስ አንድ ሰው ነው የማውቀው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ደላላ ከካርቶን የተቆረጠ ልክ ይዞ ወደ ሱቄ መጣ። አርባ ሙሉ ልብስ አዘዘ፤ ለየትኛው መኪና እንደሆነ አልነገረኝም። በበሩ በኩል ክፍት ልተወው ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ምኑ ነው የሚከፈተው? ጥርቅም አድርገህ ዝጋው» አለኝ። እኔም የደላላ ካርቶን አምኜ፣ ወንበሩን በዓይኔ ሳላይ ቆረጥኩ። በኛ ሙያ ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ሦስት ድርቡን ክር ደግሞ ማንም አላዘዘኝም፤ የኔ ሥራ ይበረክታል ለማለት ከራሴ የጨመርኩት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ለአንዱ ልብስ የተከፈለኝ ድርጅቱ ከልጄ ከተቀበለው ከአሥራ አንድ እጅ አንዱን አይሞላም። እሱ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ስፌቱ ግን ይገድላል።

6. ሰኞ ልጄን በአውቶቡስ ልኬ ወደ ድርጅቱ ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ የፋብሪካው ላስቲክ ገና ያልተላጠለት ወንበር ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ፤ የራሳቸውን ወንበር አላስዋቡትም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። «እስካሁን የሞተ ደንበኛ የለንም» አሉኝ። ለካ የሚጠበቀው እሱ ኖሯል! ልብሱ ይውለቅ ብል ደግሞ፣ እነሱ ካወለቁት የማውለቂያ ይከፈላል፤ እኔ ካወለቅሁት ከመኪናዋ ጋር የሰጡን የሦስት ዓመት ዋስትና ይቃጠላል። ሲገጥሙ ተቀበሉ፣ ሲነቅሉም ሊቀበሉ ነው። መፈናፈኛ ሳሳጣቸው ጥፋቱ የሰፊው ነው አሉ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሰፊው እኔ ነኝ አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው «እንግዲያው ራስዎን ይክሰሱ!» አሉኝ። እዚያ ቢሮ ውስጥ የሰማሁት ብቸኛ ቁም ነገር ይህ በመሆኑ፣ በዚህ አቤቱታ ሁለተኛ ተጠሪ ሆኜ እንድመዘገብ አመለክታለሁ።

7. ልጄ ሰኞ ሥራ ዘግይታ ደርሳ ኖሮ፣ ማክሰኞ ጠዋት እነዳለሁ አለች። ቁልፉን ያዝኩባትና የፊቱን ወንበር ስፌት በምላጭ መፍታት ጀመርኩ። «አባዬ፣ ምን ነካህ? ዋስትናው እኮ ነው!» ብላ ጮኸች፤ ደግሞም እውነቷን ነው፣ የብድር ማኅበሩ ያበደራት መኪናዋ ዋስትና ስላላት ነው። ያን ጊዜ ነገርኳት፤ ስፌቱ የኔ ነው፣ አርባውንም የሰፋሁት እኔ ነኝ አልኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ በቀለለኝ። ምላጩን ከእጄ ወስዳ የቀረውን ራሷ ፈታችው። እትብት የምትቆርጥ ልጅ ናት፣ እጇ አይስትም። ሞተሩን ካስነሳች በኋላ በመስኮቱ ዞር ብላ «ሠላሳ ዘጠኙስ?» አለችኝ።

ነድታም ሄደች።

8. ሱቄ በር ላይ «የመኪና ወንበራችሁን ይህን ልብስ ያለበሳችሁ በነፃ እፈታላችኋለሁ» ብዬ ለጥፌአለሁ። እስከ ዛሬ የመጣ የለም። ትናንት ግን መብራት ይዟት የቆመች አንዷን መኪና አየሁ። ስፌቴን በመስታወት አሻግሬ ለየሁት። አንዲት ሴት ትነዳለች፣ ከአጠገቧ እናቷ የምትመስል አሮጊት ተቀምጣለች። ሮጬ መስታወቱን አንኳኳሁ። ለማኝ መሰልኳት መሰለኝ፣ በእጇ ይቅርታ ብላ ነዳችው። በአስፋልቱ መሐል ምላጭ ይዤ ቀረሁ። አፈርኩ ክቡር ሆይ፣ ግን ከማፈሬ ይልቅ ፈራሁላቸው።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ፦

ሀ) ተጠሪ ድርጅት የሠላሳ ዘጠኙን ገዥዎች ዝርዝር በዛሬው ቀን እንዲያቀርብና እያንዳንዳቸውን በስልክ እንዲጠራ እንዲያዝልኝ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል የሚለውን አልቀበልም፤ መለጠፍማ እኔም ለጥፌአለሁ።

ለ) ልብሱ ሲወልቅ የማንም ዋስትና እንዳይነካ፣ የልጄም ወደ ቦታው እንዲመለስ።

ሐ) ለዘጠኙ ጌጥ የተቀበለውን ዋጋ ለልጄ እንዲመልስ። ሽቶዋን በዚህ ፖስታ ውስጥ ልኬአለሁ፤ ሳጥናችሁ ቢሸት ይቅርታ።

መ) በኔ በኩል የሚወሰነውን ቅጣት ያለ ይግባኝ እቀበላለሁ። ደላላው የሚገኝበትን ስልክ በአባሪው ላይ ጽፌአለሁ።

የመፍታቱን ሥራ ለማንም አትስጡብኝ፤ እኔ ቤት ለቤት ዞሬ እፈታለሁ። የምፈልገው የሰዎቹን አድራሻ ብቻ ነው። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ተራውን ይጠብቅ እንዳትሉኝ እለምናለሁ፤ እንዲበረክት አድርጌ ነው የሰፋሁት፣ በራሱ አይፈታም።

ከአክብሮትና ከኀፍረት ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የወንበር ልብስ ሰፊው፤ አመልካችና ሁለተኛ ተጠሪ