ስለ ሻገተው የማንጎ ልጣጭና ከእሱ ስለ ተሠራው እንክብል

ለምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ቀን፦ ግንቦት 9

ጉዳዩ፦ በእኔ ፊርማ ያለፈው የልጣጭ እንክብል ከሰው እጅ በአስቸኳይ እንዲሰበሰብ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በጭማቂ ፋብሪካ ውስጥ ልጣጭ ስመርጥ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። ድሮ የማንጎው ልጣጭ ለከብት መኖ ይጫን ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በአልኮል ታጥቦ ለጤና የሚበጅ ንጥረ ነገር ይወጣዋል፤ እሱም በእንክብል ታሽጎ ይሸጣል። እውነት ለመናገር ኮርቼበት ነበር፤ ለዘመድ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ።

2. መጋቢት 14 ማድረቂያው ተበላሽቶ ሦስት ቀን ቆመ። እርጥቡ ልጣጭ በጆንያ እንደ ታሰረ ተከመረ። በአራተኛው ቀን አንዱን ስፈታ አረንጓዴ ብናኝ ፊቴ ላይ ቦነነ። ለፈረቃ ኃላፊው ብነግረው፣ "እሳት የማይገድለው ነገር የለም፤ ይልቅ ፈርሚ" አለኝ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁና የምርት ቁጥሩ በሰፈረበት ቅጽ "ንጹሕ" በሚለው ላይ ፈረምኩ።

3. ነገሩ ስለ ከነከነኝ የላቦራቶሪ ባልደረባዬን እንደ ዋዛ ጠየቅኳት። ሻጋታው ቢሞት እንኳ መርዙን ሙቀት እንደማይበግረው፣ ጉበትም እንደሚጎዳ ነገረችኝ። "ምነው፣ ምን አየሽ?" ስትለኝ "ኧረ ምንም" ብዬ ሸሸሁ።

4. ባለፈው እሑድ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችውን ታናሽ እህቴን ልጠይቅ ሄድኩ። መስኮቷ ላይ የእንክብሉ ብልቃጥ ተቀምጧል። የምርት ቁጥሩን ሳየው ያው እኔ የፈረምኩበት ነው። "እትዬ፣ አንቺው አይደለሽ እንዴ ያመሰገንሽልኝ? አሥራ አንድ ቀን ዋጥኩት እኮ" አለችኝ እየሳቀች። አትዋጪው ብዬ ምክንያቱን ስነግራት ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ደም ወስዶ "ለጊዜው ደህና ትመስላለች፤ በየሳምንቱ ትምጣ" ብሏል። ይህች "ትመስላለች" የምትለው ቃል ቁም ስቅሌን እያሳየችኝ ነው።

5. በማግስቱ ለፈረቃ ኃላፊው ደግሜ ብነግረው፣ "የፈረምሽው አንቺ፤ በገዛ አንገትሽ ገመድ ልታስገቢ ነው?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ መውጫው ላይ ቦርሳዬ ሁለቴ ይፈተሻል። ይህንንም የምጽፈው በእህቴ ቤት ሆኜ ነው።

ስለዚህ እንክብሉ ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ፣ የገዙትም በሬዲዮ እንዲነገራቸው እለምናለሁ። ከሻገተው ልጣጭ የቀሩ አራት ጆንያዎች በሁለተኛው መጋዘን በር ጀርባ አሉ፤ ሳይቃጠሉ ይደረስባቸው።

እኔን በሚመለከት፣ ቅጣት አልፈራም ብል ውሸት ነው። ቢሆንም የእኔ ጥፋት እስኪጣራ ተብሎ እንክብሉ አንድ ቀን አይደር። እህቴን እኔ ደረስኩላት። ሌሎቹን የት ብዬ ልፈልጋቸው?

ከታላቅ አክብሮትና ከጭንቅ ሰላምታ ጋር

ፊርማ ____________
ልጣጭ መራጯ ሠራተኛ
(ሙሉ ስሜንና አድራሻዬን፣ የፋብሪካውን ስምና የምርት ቁጥሩንም ለእርስዎ ብቻ በታሸገ ፖስታ አያይዣለሁ)