የረድፉ መጨረሻ

ጥቅምት 4
ሐኪሙ ግፊቴን ለካና ፊቴን አየኝ። «የሚያዝናናሽ ነገር ያዢ።» ማንበብ አልኩት። «እሱ ሥራሽ አይደል?» እውነቱን ነው። ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ስህተት የምለቅም አራሚ ነኝ። መዝናናት በሐኪም ትእዛዝ... ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ አልነገረኝም።

የእማዬን የኪሮሽ መርፌ ከመሳቢያ አወጣሁ። ሻል ልሠራላት ነው። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ አውቶቡስ ላይ ይሠራል፣ ክር የያዘች ሴት ደግሞ ማንም አያናግራትም። ከመጽሐፍ ይሻላል ማለት ነው።

ጥቅምት 9
ከሥራ በቀጥታ እማዬ ወዳለችበት መጦሪያ። ኮሪደሩ እንደ ወትሮው በረኪና በረኪና ይሸታል። እማዬም እንደ ወትሮው አላወቀችኝም። «ሲስተር፣ መስኮቱን ዝጊልኝ።» ዘጋሁ። እውነተኛዋ ነርስ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው እንዴ?» አለች።

ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሠራሁ። እማዬ ድሮ ሰፈሩን ሁሉ ሻል ያለበሰች ሴት ናት። ሁለታችንንም አስተምራናለች። ታላቋ እህቴ ተማረች። እኔ ክሩን ጉልበቴ ላይ፣ መጽሐፉን ከክሩ ሥር...

ጥቅምት 15
እህቴ ደወለች። ስልኩን እማዬ ጆሮ ላይ ያዝኩላት። ፊቷ በራ። «የኔ ልጅ! ከአንቺ በቀር ማን ይጠይቀኛል!» ክንዴ እስኪዝል ስልኩን የያዝኩት እኔ ማንም አይደለሁም ማለት ነው።

ኋላ እህቴ ለእኔ፣ «ውይ፣ ደህና ናት እኮ! አንቺ ደግሞ ነገር ማግነን ትወጃለሽ።» እሷ ከመጣች ስንት ክረምት አለፈ? ይህንንም ባነሳ ማግነን ነው።

ጥቅምት 22
ሻሉ እየጠበበ ሄደ። ሲጀመር ትከሻ ያለብስ ነበር፤ አሁን የደረሰበት ለድመት ይበቃል። ምን አጠፋሁ?

እማዬ እጇን ዘርግታ ጫፉን ዳሰሰች። ፈገግ አለች... ከስንት ጊዜ በኋላ! «አይይ...» ብላ ተወችው። ምን አይይ? አፈርኩ። ባለሙያ ፊት እንዲህ ያለ ቡትቶ ይዞ መቅረብ።

ጥቅምት 23
ተገኘ። በየረድፉ መጨረሻ ያለችውን የክር ቀለበት እዘላታለሁ። ረድፉ ሳያልቅ ያለቀ ይመስለኛል። ነጠላ ሰረዝ የማታመልጠኝ ሴትዮ!

ሁሉንም ተረተርኩት። መተርተር ደስ ይላል። ሐኪሙ ይህን ቢያዝልኝ ይሻል ነበር።

ኅዳር 12
አለቀ። ከዳር እስከ ዳር እኩል። ነርሷ፣ «የተገዛ ይመስላል!» አለች። ምስጋና መሆን አለበት።

ነገ አለብሳታለሁ። ማን ሠራው ትል ይሆን? ስሜን እንድትጠራ አልጠብቅም። አንዴ ብቻ ቀና ብላ «ልጄ» ካለችኝ... ከዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ሲስተር ብትለኝ ግድ የለኝም።

ኅዳር 13
አለበስኳት። በጣቶቿ ረድፉን ተከትላ እስከ ዳር ሄደች። ዳር ላይ ቆመች።

«ይሄ የትልቋ ልጄ እጅ ነው።»

«እንዴት አወቁት እማማ?» አለች ነርሷ። ዝም ብትል ምን ነበረበት።

«የትንሿ ቢሆን ይጠብ ነበራ! የመጨረሻዋን ሁሌ ትዘላታለች። እጇ እዚህ፣ ልቧ መጽሐፏ ላይ!» ሳቀች። ጠባቡን የዳሰሰች ዕለት ፈገግ እንዳለችው። ከዚያ ዙሪያዋን ማየት ጀመረች። «በቀደም እዚህ አንድ ጠባብ ነገር ነበር... መጥታ ነበር መሰለኝ። የታለች?»

ነርሷ እኔን አየችኝ። መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ። ዝግ ነበር።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። «ታዲያ ምን ታስቀይሚያታለሽ? ትልቋ ናት የሠራችው በያት» አለች። እኔ አልሠራሁትም ማለት እንኳ አላስፈለጋትም።

ኅዳር 14
አዲስ ክር ገዛሁ። አውቶቡስ ላይ ጠባቡን እንደገና ጀመርኩ። የረድፉን የመጨረሻ ቀለበት አውቄ መዝለል... እጄ እንቢ አለ። ትክክሉን ለምዷል።

ሁለቴ ሳላስበው በትክክል ሠራሁት። ተረተርኩት።