የመምህርት ቢሊሴ ጫምሳ ዕረፍት እና የገጽ 14 እርማት

የአዳማና አካባቢው ጡረተኛ የሳይንስ መምህራን ማኅበር፣ መምህርት ቢሊሴ ጫምሳ ባደረባቸው ሕመም ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለትምህርት ቤቶችና ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ያስታውቃል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ እፍረታችንም እንዲሁ።

መምህርት ቢሊሴ በ1969 ዓ.ም. አርሲ ነገሌ ላይ የሥነ ሕይወት ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። በ1981 ዓ.ም. ወደ አዳማ ተዛውረው እስከ 2007 ዓ.ም. አገልግለዋል።

ማይክሮስኮፕ በሌለበት ክፍል፣ ባክቴሪያ ግድግዳውን እንዴት እንደሚሠራ ያስተማሩት በጨሌ ነበር። ሁለት ዓይነት ስኳር እየተፈራረቀ ሰንሰለት እንደሚሆን ለማሳየት፣ ተማሪዎችን ነጭና ቀይ ጨሌ በክር ያስደረድሩ ነበር። ሰንሰለቶቹ ጎን ለጎን በአጫጭር ክሮች ሲታሰሩ የባቱ ዓሣ አስጋሪዎችን መረብ የመሰለ ከረጢት ይወጣል። ፔኒሲሊን የሚከለክለው ይህንን ማሰሪያ ነው፤ በደንብ ያልታሰረውን ግድግዳ ወደ ውስጥ የገባው ውኃ ገፍቶ ያፈነዳዋል።

በ2009 ዓ.ም. ይህንን ሁሉ በእጃቸው ጽፈውና ሥለው ለማኅበሩ አስረከቡ። መስከረም 2011 ዓ.ም. «የባክቴሪያ ግድግዳ» ተብሎ ታተመ። በሽፋኑ ላይ ስማቸው የለም፤ «በማኅበሩ የተዘጋጀ» ይላል። ውሳኔው በሥራ አስፈፃሚው ሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነው። እሳቸውን የጠየቀ አልነበረም።

የገጽ 14 ሥዕላቸውም «ለማቅለል» ተብሎ ተለወጠ። በእሳቸው ሥዕል ጥንዱ ስኳር በሴሉ ውስጥ ይዘጋጃል፣ ቅባት መሰል ተሸካሚ በሴሉ ስስ ሽፋን አሻግሮ ሲያወጣው አንዲት ቀስት ታመለክታለች፣ ከሰንሰለቱ ጋር የሚቀጠለው ውጭ ነው። የታተመው ሥዕል ግን ግድግዳው በሙሉ ውስጥ ተሠርቶ ሲወጣ ያሳያል። ስሕተት ነው። ከአዳማ እስከ ቡልቡላ ያሉ ተማሪዎች ሰባት ዓመት ይህንኑ አጥንተዋል።

መጋቢት 2011 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ የተናገሩት በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፦ «ስሜን ተዉት። ሥዕሉን ግን መልሱልኝ። ፎቶ ኮፒ እንኳ ሳላስቀር የሰጠኋችሁ ስላመንኳችሁ ነው።» የዕለቱ ሰብሳቢ «ቢሊሴ፣ አንቺ ደግሞ! ለአንዲት ቀስት ብለን እንደገና እናሳትም?» ብለው አጀንዳውን ዘጉ። መምህርት ቢሊሴ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ማኅበሩ አልመጡም። የእጅ ጽሑፋቸው እስከ ዕረፍታቸው ድረስ በማኅበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር።

በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን እንድናነብ ጠይቀን ነበር። እህታቸው ወ/ሮ ሜቲ ጫምሳ «ከመጽሐፉ ያወጣችሁትን ስም በሬሳዋ ፊት አትጥሩት» ብለው ከለከሉን። ልክ ናቸው።

የእጅ ጽሑፉ ለወ/ሮ ሜቲ ተመልሷል። መጽሐፉ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች ሁሉ፣ ከዚህ መግለጫ ጋር የተላከላችሁን ትክክለኛ ሥዕል በገጽ 14 ላይ እንድትለጥፉ እናሳስባለን። በሽፋኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት «ጸሐፊና ሠዓሊ፦ ቢሊሴ ጫምሳ» ይላል። እሳቸው በመጨረሻ የጠየቁት ሥዕሉን ብቻ ነበር።

ቤተሰባቸውን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውንና ተማሪዎቻቸውን «ተጽናኑ» የምንለው ይህ ሁሉ ከተለጠፈ በኋላ ነው።